የወረታው ልጅ በገና ሌሊት

ልጆች ሆይ፥ ሰው በገዛ ቤቱ ሳለ ጠባዩ በቶሎ አይታወቅም። የሚቀመጥበትን ስፍራ ያውቀዋል፥ የሚበላበትንም ጊዜ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ብዙ ሳያስብ ይኖራል። ወደ ሌላ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ በገባ ጊዜ ግን ጠባዩ ይገለጣል። ይልቁንም የገባበት ቤት የጸሎት ቤት የሆነ እንደ ሆነ፥ ትሕትናው ወይም ትዕቢቱ፥ እውነተኛነቱ ወይም ሐሰተኛነቱ ፈጥኖ ይታያል።

ከዚህ በታች የምታነቡት የልጁ ነገር ለምሳሌ የተነገረ ነው። በመካከሉ የሚገኘው የነገሥታትና የመምህራን ታሪክ ግን በእውነት የተደረገ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩። የፎገራ ሜዳና ሁለቱ ጓደኞች

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ፎገራ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ርብና ጉማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ እየወረዱ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ዳር ዳሩን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው በሚተኛበትም ጥቁር አፈር ሩዝ ይበቅላል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ገበሬው በዚያው በረጠበው መሬት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። የፎገራም ላም በወተቷ ብዛት በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። የሜዳው ዋና ከተማ ወረታ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ በእርስዋ ያልፋል፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውም ከእርስዋ ይገነጠላል።

በዚህች ከተማ አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። አባቱና እናቱ በገጠር በእርሻ ላይ ስለ ነበሩ፥ ትምህርት እንዲማር ከአያቱ ዘንድ አስቀመጡት። አያቱ ጾም የማያጓድሉ፥ ማኅበር የሚጠጡ፥ በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ደግ ሴት ነበሩ።

በጎረቤታቸው አንድ አስተማሪ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጥቶ ተቀመጠ። አገሩ ከምባታ ነው፤ ሃይማኖቱም ካቶሊክ ነው። የአስተማሪው ልጅና የወረታው ልጅ በአንድ ክፍል ይማሩ ነበርና ፈጥነው ተዋደዱ። ወደ ትምህርት ቤት አብረው ይሄዳሉ፥ አብረውም ይመለሳሉ፤ አንዱ ቍራሽ እንጀራ ቢያገኝ ለሌላው ሳያካፍል አይበላም ነበር።

ጥምቀት በደረሰ ጊዜ የአስተማሪው ልጅ ከወረታው ልጅና ከአያቱ ጋር ታቦት ሊሸኝ ወጣ። አያቱም ጧፍ ሰጡት፥ በሰው ብዛት እንዳይጠፋም እጁን ይዘው አብረው ዋሉ። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ የወረታው ልጅ ደስ ብሎት ጓደኛውን «አንተ በእኛ በዓል አብረኸን ዋልህ፤ እኔም በእናንተ በዓል አብሬህ እሄዳለሁ» አለው። ጓደኛውም «የሚመጣው ገና ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ትመጣለህን?» አለው። «እመጣለሁ» አለ። በእንደዚህ ያለ ቃል ተለያዩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ የተናገሩት ቃል ወደ ኋላ አይመለስም።

፪። በገና ጨዋታ ሜዳ

ዓመቱ ዞረ። ታኅሣሥ በገባ ጊዜ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተገለጠ፤ የከተማውም ልጆች ዱላቸውን ይዘው ገና ለመጫወት በየቀኑ ማታ ማታ ይወጡ ጀመር። የወረታው ልጅ በሩጫ ፈጣን ነበርና ሁሉም በየወገናቸው ሊያደርጉት ይሹ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ «ይህ ልጅ ዘንድሮ ገናን ከእኛ ጋር አይውልም፤ ከካቶሊኮች ጋር ሊሄድ ነው» አለ። ሌሎቹም ከበቡት። አንዱ «ሃይማኖትህን ልትለውጥ ነውን?» አለው። ሌላውም «እንደ ሱስንዮስ ምላስህ ተጎልጕሎ ይወጣል!» ብሎ ምላሱን አውጥቶ አሳየ። ሁሉም ሳቁ።

የወረታው ልጅ ፊቱ ቀላ፥ ጉልበቱም ተንቀጠቀጠ። ከዚያም «ማን ነው ከእነርሱ ጋር የሚሄድ? ያ ልጅ ጎረቤት ስለ ሆነ ይከተለኛል እንጂ ጓደኛዬ አይደለም። እኔ ምንም ቃል አልሰጠሁትም» አለ።

ይህን ሲናገር ልጆቹ ወደ ኋላው ተመለከቱ። እርሱም ዘወር ቢል የአስተማሪው ልጅ የገና ዱላውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሁሉን ሰምቷል። አንዳች አልተናገረም፤ ዱላውን በመሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጨዋታው ቀጠለ። የወረታው ልጅ ግን ሩሩን ሲመታ ይስት ነበር፤ በዚያ ማታም የእርሱ ወገን ተሸነፈ።

፫። አያቱ የመለሱለት ቃል

በሌሊት ልጁ እንቅልፍ አጣ። አያቱ ለጸሎት በተነሡ ጊዜ ሲገላበጥ ሰምተው «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉት። በመጀመሪያ «ምንም» አለ። በኋላ ግን መደበቅ ስላልቻለ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ቃል መስጠቱንም፥ ቃሉንም መካዱን፥ ጓደኛውም በስተኋላው ቆሞ መስማቱን አልሸሸገም።

አያቱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ልጁም «እምዬ፥ ተቈጣሽን?» አለ።

«ሁለት ነገር ያስፈራኛል» አሉ አያቱ። «አንደኛው፥ ከሕፃንነትህ ጀምሬ ያሳደግሁህ በእምነትህ እንድትጸና ነው፤ ገና ልጅ ነህ፥ ያየኸውን ሁሉ ትከተል ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። አባቶቻችን በሱስንዮስ ዘመን ያለቁት በዚህ ነገር ነው ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። ሁለተኛው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ያ ልጅ የሰው አገር ልጅ ነው። በጥምቀት ዕለት እጁን ይዤ ነበር፤ አንተ ግን በሰው ፊት ጣልኸው። እምነቱን የሚጠብቅ ሰው ቃሉን የሚበላ ከሆነ ምኑን ጠበቀው?»

ልጁ አለቀሰ። አያቱም «ዕንባህን ጥረግ። ነገ የንስሐ አባታችንን እጠይቃለሁ። እርሳቸው አይሆንም ካሉ አትሄድም፤ ነገር ግን ባትሄድም እንኳ ልጁን ይቅርታ ትጠይቀዋለህ» አሉት።

፬። የንስሐ አባት የተናገሩት ታሪክ

በማግሥቱ አያቱ ልጁን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቄሱ ሽማግሌና ብዙ መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ልጁን በአጠገባቸው አስቀመጡትና እንዲህ አሉት፦

«ልጆቹ ስለ ሱስንዮስ ምላስ የተናገሩት በሕዝብ ዘንድ የሚወራ ነገር ነው። አንተ ግን የተደረገውን ዕወቅ። ዐፄ ሱስንዮስ ከጎንደር በፊት በነበረው ዘመን በደንቀዝ ከተማ የተቀመጡ ንጉሥ ናቸው። በ1595 ዓ.ም. ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ተወላጅ የካቶሊክ መምህር ወደ አገራችን ገባ። ይህ ሰው አማርኛና ግዕዝ ተማረ፥ በትዕግሥትም ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር። ንጉሡ ትምህርቱን ወደዱ፥ በ1614 ዓ.ም.ም ካቶሊክ መሆናቸውን ገለጡ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ።

ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ ከፖርቱጋል መጣ። እርሱ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ይሾሙ አለ፤ የአባቶቻችንን ጾምና በዓልም ሊለውጥ ተነሣ። ንጉሡም ሥልጣናቸውን ጨመሩበት። ሕዝቡም በግድ አንለውጥም ብሎ ዐመፀ፤ ወንድም ከወንድሙ፥ አባትም ከልጁ ጋር ተዋጋ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ገበሬ ወደቀ። ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን የወደቀው ሁሉ የገዛ ወገናቸው ነበርና ድሉ ደስታ አልሆነላቸውም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲኖር ዐወጁ፥ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።»

ልጁም «እንግዲያውስ አባቴ፥ ወደዚያ መሄድ ኃጢአት ነውን?» አለ።

ቄሱ መልሰው «በዚያ ዘመን ሕዝቡን ያጠፋው መጠያየቅ አይደለም፤ ማስገደድ ነው። ይህን ልጅ ያስገደደህ አለን?» አሉት። «የለም፤ እኔ ራሴ እመጣለሁ ብዬ ነው» አለ። «እንግዲያስ ሂድና ቃልህን ፈጽም። ሦስት ነገር ግን አዝሃለሁ። አንደኛ፥ ቍርባን አትቀበል፤ ቍርባን የምትቀበለው ከቤተ ክርስቲያንህ ነውና። ሁለተኛ፥ በምታየው ነገር አትሳለቅ። ሦስተኛ፥ ማን ነህ ብለው ቢጠይቁህ እውነቱን ተናገር» ብለው ባረኩት።

ልጁ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ አስተማሪው ቤት ሄደ። ጓደኛውን በደጅ አገኘው። «በድዬሃለሁ፤ ስለ ፈራሁ ዋሸሁ። ይቅር በለኝ» አለው። ጓደኛው ወዲያው አልመለሰለትም። እግሩን እየተመለከተ ቆየና «መኪናው በ28 ከጧቱ በ3 ሰዓት ይነሣል» አለው።

፭። በመንገድ ላይ

ታኅሣሥ 28 ቀን ከጧቱ በ3 ሰዓት አስተማሪው፥ ሚስቱና ሁለቱ ልጆች ወደ ባሕር ዳር ተነሡ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጉማራን ድልድይ ተሻግረው፥ ሐሙሲትን አልፈው ሄዱ። በክረምት ውኃ የለበሰው ሜዳ በጓያ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ የሩዙም ገለባ በየደጁ ተከምሮ ይታይ ነበር።

ልጁ በልቡ የተሸከመውን ጥያቄ መያዝ አልቻለም። «ጋሼ፥ በሱስንዮስ ዘመን የተደረገውን ያውቃሉን?» አለ።

አስተማሪው «አውቃለሁ» አለ። «በደሉን አልሸፍነውም። የሰውን ሃይማኖት በንጉሥ ኃይል ለመለወጥ መሞከር ለሕዝቡ ጥፋት ሆነ፤ ለካቶሊኮችም እፍረት ሆኖ ቀረ። ፋሲለደስ መምህራኑን ከአገር አስወጡ፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የካቶሊክ ስም በዚህ አገር የሚያስፈራ ስም ሆነ።

በ1832 ዓ.ም. ግን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚባል ኢጣልያዊ ካህን ወደ ዐድዋ መጣ፤ የአገራችን ሰዎች አቡነ ያዕቆብ ይሉታል። ይህ ሰው ከንጉሥ ሠራዊት አልለመነም። ቋንቋውን ተማረ፥ እንደ አገሩ ሰው ለበሰ፥ እንደ አገሩ ሰው በላ፤ የአባቶችንም የግዕዝ ቅዳሴ አከበረ። ከእርሱም ጋር ከተገናኙት አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው፥ ከመርጡለ ማርያም አጠገብ የተወለደ፥ አንድ ዓይኑ የታወረ ታላቅ ሊቅ ነው። እውነትን እየፈለገ ወደ ግብፅ፥ ወደ ሮምና ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ፤ ብዙ ካሰበም በኋላ ካቶሊክ ሆነ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሃይማኖትህን ተው ተብሎ ታሰረ፥ በ1847 ዓ.ም.ም በሰንሰለት እንደ ታሰረ ሞተ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ አለችው፤ አቡነ ያዕቆብንም በ1968 ዓ.ም. ቅዱስ አለችው።»

ልጁ ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያም «እንግዲያስ ሁለቱም ወገን ተገድዶአል፤ ሁለቱም ወገን አስገድዶአል» አለ።

አስተማሪውም «እንዲህ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሆነህ ስትመጣ እኛ አናስገድድህም፤ አንተም አትናቀን። ይህ ብቻ ይበቃናል» አለው።

ይህን ሲነጋገሩ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ።

፮። የገና ሌሊት

ባሕር ዳር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳርና የደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ናት። በአማራ ክልል ካቶሊኮች በቍጥር ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ በታላላቅ በዓል ቀን ከሩቅ ያሉት ሁሉ መሰብሰብን ይወዳሉ።

ሌሊቱ በደረሰ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የወረታው ልጅ በደጁ ላይ ልቡ እንደ ከበሮ መታ። ለጓደኛው በሹክሹክታ «ጫማ ይወለቃልን?» አለው። ጓደኛውም የሚያወልቁትን አሳየውና ሁለቱም አወለቁ። አማትቦም ገባ።

ልጁ እንግዳ ነገር ብቻ አገኛለሁ ብሎ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ የገባው ሽታ የዕጣን ሽታ ነበር፤ ይህን ሽታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል። ካህናቱ በግዕዝና በአማርኛ ቀደሱ። ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሐዋርያት መልእክት፥ ከሐዋርያትም ሥራ ተነበበ፤ በኋላም ወንጌል በተነበበ ጊዜ ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ከበሮ ተመታ፥ ጸናጽልም ተንሿሿ። ልጁ በልቡ «ይህ የእኛው ነው» አለ።

ከዚያ ቀጥሎ ልዩነቱን ማየት ጀመረ። ሕዝቡ በመቋሚያ ተደግፎ ሳይሆን በረጅም ወንበር ተቀምጦ ይጸልይ ነበር። በአንድ ወገን ግርግም ተሠርቶ ሕፃኑ ኢየሱስ፥ እመቤታችንና ዮሴፍ በሐውልት ተቀርጸው ይታዩ ነበር። በጸሎቱም መካከል የሮም ሊቀ ጳጳሳት ስም ተጠራ። አስተማሪው ቀደም ብሎ ነግሮት ነበር፤ ካቶሊኮች በዓለም ሁሉ ከሮም ጳጳስ ጋር አንድነት አላቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ ያሉት በግዕዝ ሥርዓት፥ በደቡብ ያሉት ብዙዎቹም በላቲን ሥርዓት ይጸልያሉ። የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አባቶች ግን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በነበረው ክርክር ከ1,500 ዓመት በፊት ተለያይተዋል፤ መለያየቱም እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ልጁም ይህን ሁሉ እያስታወሰ፥ ተመሳሳዩን እንደ ተመሳሳይ፥ የተለየውንም እንደ ተለየ አየ።

ሕዝቡ ሲቆም ቆመ፥ ሲቀመጥም ተቀመጠ። የማያውቀውን ጸሎት አውቃለሁ ብሎ አላነበነበም፤ በልቡ አያቱ ያስተማሩትን አቡነ ዘበሰማያት ደገመ።

የቍርባን ጊዜ በደረሰ ጊዜ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት እየተነሡ ወደ ፊት ሄዱ። አስተማሪው ሄደ፥ ሚስቱ ሄደች፥ ጓደኛውም ሄደ። ልጁ በዚያ ረጅም ወንበር ላይ ብቻውን ቀረ። ሰው ሁሉ እርሱን የሚመለከት መሰለው። ያን ጊዜ በገና ጨዋታ ሜዳ ልጆች በከበቡት ጊዜ የተሰማው ፍርሃት እንደ ገና መጣበት።

አንዲት አሮጊት ከበስተኋላው ትከሻውን በቀስታ ነክተው «ልጄ፥ ለምን ትቀራለህ? ከሰው ጋር ሂድ እንጂ» አሉት።

መሄድ ቀላል ነበር። ቢሄድ ማንም ባላወቀበትም ነበር። ወይም «ታምሜአለሁ» ማለት ይችል ነበር። ልጁ ግን የቄሱን ሦስት ትእዛዝ አሰበ። ወደ አሮጊቷም ዘወር ብሎ «እማማ፥ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጓደኛዬን አጅቤ የመጣሁ እንግዳ ነኝ» አላቸው።

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። «እንግዲያስ እንኳን ደኅና መጣህልን» አሉና፥ ሌሊቱ በርዶ ነበርና የለበሱትን ጋቢ ጫፍ በትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ጓደኛው በተመለሰ ጊዜ በአጠገቡ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ጸሎቱን ሲጨርስም ወደ እርሱ ጠጋ አለ። በሜዳው ላይ ከሆነው ነገር በኋላ እንዲህ በአጠገቡ ሲቀርብ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

፯። መመለሻ

በማግሥቱ ወደ ወረታ ተመለሱ። አያቱ በደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። «ምን አየህ ልጄ?» አሉት።

ልጁም «እምዬ፥ ብዙው እንደ እኛ ነው፤ ጥቂቱ እንደ እኛ አይደለም። ማንም አላስገደደኝም። ቍርባንም አልተቀበልሁም። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አለበሱኝ» አለ።

አያቱ ወደ ሰማይ ተመልክተው አመሰገኑ። ከዚያም «ሂድ፥ መምህሩንና ቤተ ሰቡን ጥራ። እነርሱም እንደ እኛ ጾመው ነው የከረሙት፤ ዶሮው ደርሷል» አሉት። በዚያ ቀን ሁለቱ ቤተ ሰብ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው በሉ።

ማታም የወረታው ልጅ ሁለት የገና ዱላ ይዞ ከጓደኛው ጋር ወደ ሜዳ ወጣ። ልጆቹ ዝም ብለው አዩአቸው። እርሱም በሁሉ ፊት «በዚያ ቀን ዋሽቼ ነበር። ይህ ጓደኛዬ ነው፤ አብሬውም ሄጄ ነበር። ከእኔ ጋር የሚጫወት ከእርሱም ጋር ይጫወት» አለ። ሁለት ልጆች ትተዋቸው ሄዱ። የቀሩት ግን በየወገናቸው ተሰልፈው ጨዋታው ተጀመረ።

፰። ምክር

ልጆች ሆይ፥ ይህ ልጅ ሁለት ጊዜ ተፈተነ። በመጀመሪያው ጊዜ ጓደኛውን ስለ ፈራ ሳይሆን ሰዎች እንዳይስቁበት ብሎ ዋሸ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ማንም ሊያውቅበት በማይችል ስፍራ እውነቱን ተናገረ። በእምነቱ የጸና መሆኑ የታወቀው ጓደኛውን በካደ ጊዜ አይደለም፤ በሌላው ሰው የጸሎት ቤት ተቀምጦ «እንግዳ ነኝ» ባለ ጊዜ ነው።

እናንተም ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ወዳልሆነ የጸሎት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብትጋበዙ ይህን አስቡ። ሳትሄዱ በፊት ወላጆቻችሁን አስፈቅዱ። ጊዜው ሳያልፍ ድረሱ፥ በጸጥታም ግቡ። የማታውቁትን ሥርዓት ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ሌሎች ሲቆሙ ቁሙ። ለዚያ ቤት ልጆች ብቻ የተጠበቀውን ምሥጢር አትቀበሉ። አትሳቁ፥ አታስመስሉም። ወደ ቤታችሁ በተመለሳችሁ ጊዜም ያያችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተናገሩ፤ በቀድሞ ዘመን ብዙ ጠብ የተነሣው ሰው ያላየውን በማውራቱ ነበርና።

በዚህ በጣና ዙሪያ ያለው ምድር በማስገደድ የሚመጣውን መከራ ዐይቷል። ክፉው ዘመን እንዳይመለስ የሚጠብቁት ነገሥታትና ጳጳሳት ብቻ አይደሉም፤ ቃላቸውን የሚጠብቁ ትንንሽ ልጆችም ይጠብቁታል።

ጥያቄ

1። በፎገራ ሜዳ የሚፈሱት ሁለት ወንዞች ምን ምን ይባላሉ? ወዴትስ ይገባሉ?

2። የወረታው ልጅ ለጓደኛው ምን ቃል ሰጠው? ቃሉንስ ለምን ካደ?

3። አያቱን የሚያስፈሩት ሁለት ነገሮች ምንድን ናቸው? የባሰውስ የትኛው ነው አሉ?

4። በፓኤዝና በሜንዴዝ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

5። አባ ገብረ ሚካኤል ማን ነው? እንዴትስ ሞተ?

6። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ እኛ ነው ያለው ምን ምን ነው? የተለየውስ?

7። ልጁ ለአሮጊቷ እውነቱን ባይነግር ኖሮ ምን ይጎዳ ነበር? በራሳችሁ ቃል ጻፉ።